ካሚዮን ቆሞ ሳለ ሞተሩ ለምን ይጠፋል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሹፌሮችና የመካኒኮች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዝገብ የሚይዝና ደብዳቤ የሚፈርም ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳያስበው የሚገጥመው ነገር ስለ ሆነ፥ ጥቂት ጊዜ ብንሰጠው የሚያስቈጭ አይሆንም። ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ዘመን ያገለገለ የናፍጣ ካሚዮን ጭነቱን ተሸክሞ ደኅና ይሄዳል፤ ዳገቱንም ይወጣል። ሹፌሩ ግን እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ላይ አንሥቶ መኪናውን ሊያቆም ሲል ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይንገዳገድና ጭጭ ይላል። እንደ ገና ያስነሡታል፤ እንደ ገና ይጠፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ በአንድ የሥራ ኀላፊ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ይደርሳል፤ በወረቀቱም ላይ «ፖምፓው ተበላሽቷልና ይውረድ» ወይም ከዚያ የባሰው «ሞተሩ ሙሉ እድሳት ያስፈልገዋል» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ኀላፊው ሞተር አያውቅም፤ ፊርማውን ግን ይጠየቃል።

እንዲህ ያለው ወረቀት እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን የችግሩ ምክንያት ከፖምፓው በፊት፥ በአንድ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይም በአንድ የቆሸሸ ፊልትሮ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ስለዚህ ምርመራው ከየት ተነሥቶ ወዴት መሄድ እንደሚገባው ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር በምን እንደሚለይ ማወቅ ይገባል። የጀርመኑ መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር ካንዴላ አልነበረውም፤ ከርሱ የተወለዱት የዛሬዎቹም የናፍጣ ሞተሮች ካንዴላ የላቸውም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያህል አጥብቦ ይጨምቀዋል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው ሁሉ የመንፊያውን ጫፍ ነክቶ ይህን ያውቃል። በሞተሩ ውስጥ ግን ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚደርስ፥ ናፍጣው በኖዝሉ ቀዳዳ እንደ ጉም ተረጭቶ ሲገባ ያለ አንዳች ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል።

ሌላም ልዩነት አለ። በቤንዚን ሞተር ሹፌሩ እግሩን ሲያነሣ የሚዘጋው የአየሩ በር ነው። በአብዛኞቹ ያረጁ የጭነት መኪናዎች የናፍጣ ሞተር ግን አየሩ ሁልጊዜ እንደ ልቡ ይገባል፤ የሚለካው ናፍጣው ብቻ ነው። ሞተሩ ጭነት ሲጎትት ብዙ ናፍጣ ይሰጠዋል፤ ቆሞ ሲጠብቅ እጅግ ጥቂት። ለምሳሌ ባለ ስድስት ሲሊንደር ካሚዮን ቆሞ ሳለ በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞር፥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 5 ጊዜ፥ ስድስቱ በጠቅላላው 30 ጊዜ ናፍጣ ይቀበላሉ። በእያንዳንዱም ጊዜ የምትገባው ናፍጣ ከአንዲት የዝናብ ጠብታ ያነሰች ናት። ይህችን ያህል ጥቂት ነገር ለስድስቱም እኩል ማከፋፈል ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

ለማነጻጸር ያህል ኩራዝን እናስብ። ክሩ ወጥቶ በደንብ የሚነደውን ኩራዝ ከበር የሚገባ ጥቂት ነፋስ ያወዛውዘዋል እንጂ አያጠፋውም። ክሩ ወርዶ ጭል ጭል የሚለውን ግን ያው ነፋስ እልም ያደርገዋል። ነፋሱ አንድ ነው፤ የተለየው የነበልባሉ አቅም ነው። በካሚዮኑም ሞተር እንደዚሁ፥ አንዲት የአየር አረፋ ወይም ጥቂት ውሃ በመንገድ ላይ ሳትታወቅ ታልፋለች፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ጊዜ ግን ታጠፋዋለች። እንግዲህ ሞተሩ ቆሞ ሳለ መጥፋቱ ደካማነቱ ቀድሞ የሚታይበት ቦታ ይህ ስለ ሆነ ነው እንጂ፥ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ይህን ዝግተኛ አዟዟር መካኒኮቻችን «ሚኒሞ» ይሉታል። ቃሉ የኢጣልያንኛ ሲሆን ትርጓሜው «ዝቅተኛው» ማለት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 መሠራት የጀመረው ፊያት 634 የተባለው የናፍጣ ካሚዮን ከወረራው ጋራ ወደ አገራችን ገብቶ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚል ስም ወጣለት፤ ይኸውም በኢጣልያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ መኪናውና የዕቃዎቹ ስም ግን ቀሩ። ከዚያም ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራው ፊያት 682 ተከተለ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 የተቋቋመው አምቼም በአዲስ አበባ የጭነት መኪናዎችን ይገጣጥም ጀመር። ዛሬ የጃፓኑን አይሱዙ የሚፈታው ወጣት ሳይቀር ዳዶ፥ ካቻቢቴ፥ ኮፈን፥ ጓርኒሲዮን እያለ መናገሩ ከዚሁ የመጣ ነው። በጽሕፈት ቤት ያለ ሰው እነዚህን ቃላት ቢያውቅ አይጎዳም፤ የጥገና ማመልከቻዎች የሚጻፉት በነርሱ ነውና።

ሚኒሞን የሚጠብቅ አንድ መሣሪያ በፖምፓው ውስጥ አለ። ሁለት ትንንሽ ክብደቶች ከዘንግ ጋራ ይሽከረከራሉ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ወደ ውጭ ተከፍተው ናፍጣውን ይቀንሳሉ፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ሞላው ወደ ውስጥ ይመልሳቸውና ናፍጣው ይጨምራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ጄምስ ዋት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1788 ለእንፋሎት ሞተር የተጠቀመበት ነው። ከፖምፓውም ውጭ አንዲት ቡሎን አለች፤ በካቻቢቴ ወይም በቁልፍ ጥቂት ሲያዞሯት ሚኒሞው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ብዙ ገንዘብ ያስጠፋች ቡሎን ይህች ናት። ሞተሩ ሲጠፋ ያየ ሹፌር ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው እርሷን ማጥበቅ ነው። ሞተሩ ጮኾ ይዞራል፤ አይጠፋም፤ ሁሉም «ተሠራ» ይላል። የተሠራው ግን ምንም የለም፤ ሕመሙ ሳይድን ልቅሶው ብቻ ቆመ። ቱቦው መሰንጠቁን፥ ፊልትሮውም መዘጋቱን አልተወም፤ የሚባክነው ናፍጣ ግን ተጨመረ።

ይህ ነገር በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል በማክሰኝት የተመለከትኩትን ባወጋችሁ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ከጎንደር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወደ በለሳ የሚሄደውም መንገድ ከዚያ ይገነጠላል፤ ስለዚህ የጭነት መኪና የማይቆምበት ቀን የለም። አንድ የመሥሪያ ቤት አሮጌ ካሚዮን ከመተማ ተነሥቶ፥ በአዘዞ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ፥ በማክሰኝት ለምሳ ቆመ። ሹፌሩ ከአዘዞ ጀምሮ ሞተሩ እየጠፋ ስላስቸገረው ሚኒሞውን ሁለት ጊዜ ከፍ አድርጎት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ እንደ ቆመ ጠፋ። ዕቃውን ተረክቦ አብሮ የሚጓዘው ወጣት ጸሐፊ ወደ አለቃው ስልክ ደውሎ ፖምፓው ሳይበላሽ እንደማይቀር ተናገረ፤ ከወዲያም በኩል ፖምፓው ወርዶ ወደ ጎንደር ይላክ የሚል ትእዛዝ መጣ። ፖምፓ ማውረድ ማለት ካሚዮኑን ቢያንስ ለጥቂት ቀን እዚያው ማቆም ማለት ነው፤ መልሶ ሲገጠምም ናፍጣ የሚረጭበት ጊዜ ከፒስተኑ አወጣጥ ጋራ በልክ ካልተገናኘ ሌላ ጣጣ ይመጣል።

እንዲያወርዱ የተጠሩት መካኒክ በዕድሜ የገፉ፥ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ነበሩ። መሣሪያቸውን ሳያወጡ በፊት ለሹፌሩ ጥያቄ ማቅረብ ጀመሩ።

«የሚጠፋብህ ቀስ እያለ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ?»

«ቀስ እያለ ነው ጋሼ። ከፍ ዝቅ፥ ከፍ ዝቅ ይልና ይሞታል።»

«ጧት ስታስነሣውሳ?»

«ያስቸግራል። ረዳቱ ናፍጣውን በእጅ እየመታ ካልሞላው አይነሣም።»

«ናፍጣ የቀዳኸው መቼ ነው?»

«መተማ፥ ከበርሜል። አሁን ከግማሽ በታች ነው። ጎንደር ላይ ልሞላ አስቤ ወረፋው በዛብኝ።»

«ከመሙላትህ በፊት ነው ወይስ በኋላ ነው ችግሩ የባሰው?»

ሹፌሩ ጥቂት አሰበና «ሙሉ ሳለ ደኅና ነበር» አለ።

ጸሐፊው ሰዓቱን እየተመለከተ «አባባ፥ አለቆቼ ፖምፓው ይውረድ ብለዋል» ቢላቸው፥ መካኒኩ «ጌታው፥ ማድ ቤት ውሃ መድረሱን ሳያዩ ወጥ ሠሪዋን አይክሰሱ» አሉት።

እነዚህ አራት ጥያቄዎች ግማሹን ሥራ ሠርተዋል። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየተንገዳገደ መጥፋቱ ናፍጣ እያጠረው ወይም አየር እየተቀላቀለበት መሆኑን ያመለክታል። ሲያድር አስቸጋሪ መሆኑ ናፍጣው ሌሊቱን ከቱቦው ወደ ኋላ ወደ ሳልቫትዮው እንደሚመለስና አየር እንደሚተካው ያስረዳል። ሳልቫትዮው ሙሉ ሳለ ደኅና መሆኑ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ናፍጣው ከፍ ብሎ ሲቆም በራሱ ክብደት ወደ ቱቦው ይገፋል፤ ሲወርድ ግን መጋቢው ፖምፓ ከታች መጥቶ መሳብ አለበት። በመሳብ ጊዜ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል፤ ቀዳዳ ካለም ናፍጣው ወደ ውጭ አይፈስም፥ አየሩ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። የቱቦውን ቀዳዳ ብዙ ሰው የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁሉም እርጥብ ቦታ ይፈልጋል፥ ቀዳዳው ግን ደረቅ ነው።

መካኒኩ ቀጥለው የፊልትሮውን ታችኛ ቡሎን ፈትተው ጥቂት ናፍጣ በብርጭቆ ተቀበሉ። ከሥር የጣት ውፍረት የማይሞላ ውሃ ተጠራቀመ፤ አፈሰሱት። ከዚያም እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝን ፈተና አደረጉ። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከኮፈኑ በላይ ከፍ አድርገው ረዳቱን አስያዙት፤ ከርሱም አንድ አጭር ላስቲክ ቀጥታ ወደ ፖምፓው መግቢያ አገናኙ። በዚህ ጊዜ ሳልቫትዮው፥ ረጅሙ ቱቦ፥ መጋቢው ፖምፓና ፊልትሮው ሁሉ ከጨዋታው ወጡ ማለት ነው። አየሩን አስወጥተው ሞተሩን አስነሡት፤ ሚኒሞውንም ሹፌሩ ከማጥበቁ በፊት ወደ ነበረበት መለሱት። ሞተሩ ዝግ ብሎ፥ ሳይንገዳገድ፥ ሩብ ሰዓት ያህል ዞረ። ፖምፓው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

የቀረው ፍለጋ ብቻ ነበር። ቱቦውን ከሞተሩ ጀምረው ወደ ኋላ በእጃቸው እየዳሰሱ ሄዱና ከሳልቫትዮው አጠገብ፥ የብረቱ ቱቦ ከጎማው ቱቦ በሚገናኝበት ቦታ ቆሙ። ቀድሞ የነበረው ማሰሪያ ጠፍቶ በሽቦ ተጠምጥሟል፤ ሽቦውም ጎማውን እየበላ ሰንጥቆታል። ከጎማው ሁለት ጣት ያህል ቈርጠው ጣሉና በደኅና ማሰሪያ መልሰው አሰሩት። ከዚያ በኋላ የፊልትሮውን የአየር ማውጫ ቡሎን አላልተው የመጋቢውን ፖምፓ የእጅ መምቻ መቱ፤ በመጀመሪያ የወጣው ናፍጣ እንደ ጠላ አረፋ ይንቸፈቸፍ ነበር፤ ጥቂት ቈይቶ ጠራ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካሚዮኑ ወደ እንፍራንዝ መንገዱን ቀጠለ።

በርግጥ የሁሉም ካሚዮን ሕመም የተቀደደ ጎማ አይደለም። ነገር ግን የጀሪካኑ ፈተና ለሁሉም ይሠራል፤ ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋልና። በጀሪካን ናፍጣ ሞተሩ ደኅና ከዞረ፥ ጥፋቱ ከፖምፓው በፊት ነው፤ ያም በአብዛኛው በጥቂት ብር የሚጠገን ነው። በጀሪካንም እየጠፋ ከሆነ፥ ጥፋቱ በፖምፓው፥ በኖዝሎቹ ወይም በሞተሩ አካል ላይ ነው፤ የፖምፓ ባለሙያ መጥራት የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ከፖምፓው ውጭ ካሉት ምክንያቶች ጥቂቱን እንጥቀስ። የሳልቫትዮው ክዳን መተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃ ሲደፈን፥ ናፍጣው እየተቀነሰ ሲሄድ አየር የሚተካበት ስለማያገኝ ሞተሩ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይታፈናል፤ ክዳኑን ሲከፍቱት እስ የሚል ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ካገገመ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በአሮጌ ካሚዮኖች ሞተሩን የሚያጠፋው ተስቦ የሚለቀቅ ገመድ ሲዝግ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ናፍጣውንም በከፊል እንደ ዘጋ ይቀራል። ይህን ለማየት ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ሰው ገመዱን እንዲስብና እንዲለቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። የፊልትሮው መዘጋትማ የታወቀ ነው፤ ሆኖም የሚዘጋው ፊልትሮ በመጀመሪያ የሚታወቀው በዳገት ላይ ጉልበት በማሳጣት ስለ ሆነ፥ በዳገት ደኅና ሄዶ በሚኒሞ ብቻ የሚጠፋን ሞተር ከአየር ጋራ ማያያዝ ይሻላል።

ጭሱም ይናገራል። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ምንም ጭስ ካልታየ ናፍጣ አልደረሰውም። ነጭ ጭስ ካወጣ ናፍጣው ደርሶ አልተቃጠለም፤ ይህም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን፥ መጨመቂያው ሲደክም፥ ውሃ ሲቀላቀል ወይም ናፍጣው ዘግይቶ ሲረጭ የሚመጣ ነው። ጥቁር ጭስ የናፍጣ ብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው። ሰማያዊው ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል፤ ፋሻው ማለቁን መጠርጠር ይገባል።

ጥፋቱ ከፖምፓው በኋላ ከሆነ ባለሙያው ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚሄደውን ቱቦ ዳዶ በየተራ ጥቂት ያላላል። ዳዶው ሲላላ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማልና ድምፁ መለወጥ አለበት። ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ከፊትም አይሠራም ነበር ማለት ነው። ይህን ፈተና ግን ባለሙያ ያልሆነ ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ከኖዝል የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ ለመግባት የሚችል ኀይል አለው፤ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ቢመስልም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፥ እጅ እስከ ማስቈረጥ ይደርሳልና። በአዲሶቹ በኤሌክትሮኒክ በሚመሩ ካሚዮኖችማ ጭራሽ አይሞከርም፤ በነርሱ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ከባቢ አየር በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ ንግግራችን ስለ አሮጌዎቹ ብቻ መሆኑ እዚህ ላይ ይታወስልን።

የአገራችን ከፍታም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ድርሻ አለው። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር አይሞላም፤ የጣና ዳርቻ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል፤ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በጣና ዳርቻ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ጤነኛ ሞተር ይህን ይችለዋል። ፋሻው ያለቀና ቫልቩ በደንብ የማይገጥም ሞተር ግን በቆላ ሙቀት ደኅና ሲዞር ሰንብቶ፥ በደጋው ብርድ ጧት ጧት ነጭ ጭስ እያወጣ ይጠፋል፤ ሲሞቅ ይሻለዋል። እንግዲህ ሹፌሩ «ቆላ ላይ ደኅና ነበር» ቢል ሐሰት ተናገረ ማለት አይገባም። ሙሉ እድሳት የሚለውን ወረቀት በቁም ነገር መመልከት የሚገባውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ያም ቢሆን በመጀመሪያ የቫልቮቹ ክፍተት ተለክቶ ከተስተካከለ በኋላ።

አንዳንድ ሰው «በሚኒሞ ቢጠፋስ ምን አለበት? ሹፌሩ እግሩን አያንሣ» ይላል። እዚህ ላይ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ካሚዮን ቁልቁለት ሲወርድ ማርሽ ውስጥ እስካለ ድረስ ጎማዎቹ ሞተሩን ስለሚያዞሩት አይጠፋም። ሹፌሩ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ሊገባ ፍሪሲዮኑን በረገጠበት ቅጽበት ግን ሞተሩ ለብቻው ይቀራል፤ ሚኒሞው ደካማ ከሆነም እዚያው ይጠፋል። በአየር የሚሠራ ፍሬን ያለው ካሚዮን ከሆነ አየር የሚሞላው መሣሪያ አብሮ ይቆማል፤ በጋኑ ውስጥ የቀረው አየር የሚበቃው ለጥቂት ርግጫ ብቻ ነው። መሪው በዘይት ኀይል የሚታገዝ ከሆነም እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው በጠመዝማዛው መካከል፥ ጭነቱ ከኋላ እየገፋ ሳለ ነው። በእንፍራንዝና በአዲስ ዘመን መካከል ያለውን ኮረብታማ መንገድ የሄደ ሰው ምን ማለታችን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሜዳው የሚገኘው ወደ ፎገራ ከወረዱ በኋላ ነውና። ስለዚህ «በሚኒሞ ይጠፋል» የሚል ሪፖርት የደረሰው ኀላፊ ካሚዮኑ ሳይመረመር ጭነት እንዲጭን ማዘዝ የለበትም።

ወረቀቱም በቀረበለት ጊዜ ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች መካኒክ መሆንን አይጠይቁም። በጀሪካን ተፈትኗልን? የሚጠፋው ሲበርድ ነው ሲሞቅ? ሳልቫትዮው ሙሉ ሲሆን ነው ሲጎድል? ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ፊልትሮው የተለወጠው መቼ ነው? የሚኒሞው ቡሎን ተነክቷልን? መልሱ በማመልከቻው ላይ በጽሑፍ ቢሰፍር፥ ለሐቀኛው መካኒክ የሥራው ምስክር ይሆነዋል፤ ያልመረመረውንም መልሶ ወደ ካሚዮኑ ይልከዋል።

በመጨረሻ አንድ ጉዳይ በቀጥታ የመሥሪያ ቤቶች ስለ ሆነ ሳንጠቅሰው አናልፍም፤ ይኸውም የበርሜሉ ነገር ነው። ማደያ በራቀበት አገር ናፍጣ በበርሜል ተቀምጦ ይሰነብታል፤ በርሜሉም በጓሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በክረምት አናቱ ላይ ዝናብ ይጠራቀማል። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ በክዳኑ ጥርስ በኩል ይወጣል፤ ሌሊት ሲበርድ ይሰበሰብና ከላይ ያለውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ማንም ሰው ውሃ ሳይጨምርበት በርሜሉ ራሱ ይጠጣል። ውሃው ከናፍጣው ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል፤ ሁለቱ በሚገናኙበትም ቦታ ዐይን የማያያቸው ሕያዋን ነገሮች ይራቡና ፊልትሮ የሚዘጋ ጥቁር አተላ ይሠራሉ። ይህን ለመከላከል በርሜሉን ከጣራ በታች ማስቀመጥ፥ ያም ባይቻል አጋድሞ፥ ሁለቱ ክዳኖች ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ ጎን ለጎን እንዲውሉ አድርጎ ማስተኛት ነው፤ ናፍጣው ከውስጥ ክዳኖቹን ስለሚሸፍናቸው ውሃ የሚገባበት መንገድ አይኖርም። ሊቀዱበት ሲሉ አንድ ቀን አስቀድመው ያቆሙታል፤ መሳቢያው ቱቦም ወለሉን እንዳይነካ አራት ጣት ያህል ከፍ ይደረጋል። ከሥር የሚቀረው ናፍጣ ወደ ካሚዮኑ አይገባም፤ በብርጭቆ ተቀድቶ አድሮ ከጠራ በኋላ ምን ያህሉ ውሃ እንደ ሆነ በዐይን ይታያል።